የማር ዳቦው እጅ

ፊልሙ ላይ የሚሠሩት ሁሉ ሽማግሌውን ተዋናይ «ጋሽ አላምጥ» ይሏቸው ነበር። ፊልሙ ቤታቸው ያረፈውን እንግዳ ሁሉ አርደው ስለሚበሉ ባልና ሚስት ነው፤ ተመልካቹን እያሳቀ እንዲያስፈራ ታስቦ የተጻፈ። ሽማግሌው ባልየውን ሆነው ይጫወታሉ። ካሜራው መቅረጽ በጀመረ ቁጥር ዳይሬክተሩ «አላምጡ ጋሼ፣ አላምጡ» ይላል። እሳቸውም ያላምጣሉ። «በቃ» ሲባል ፊታቸውን አዙረው ባልዲ ውስጥ ይተፉታል።

የሚያላምጡትን የምትሠራላቸው አንዲት የኬክ ባለሙያ ነበረች። የሠርግ ኬክ ስትጋግር ኖራ ፊልም ላይ ስትሠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የራሷን ግራ እጅ በጄሶ ቀርጻ አወጣችና፣ በዚያው ልክ ከማርና ከወተት የታሸ ሊጥ እያበጀች ትጋግራለች፤ በቀይ ሥር ጭማቂ ትቀባዋለች፤ ጥፍሩን ከለውዝ ትሠራለች። ያን ያህል ለፍታበት ባልዲ ውስጥ ሲገባ ማየት ይከነክናት ነበር።

«ጋሼ፣ አይጣፍጥም እንዴ?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ይጣፍጣል ልጄ። ችግሩ እሱ ነው» አሏት።

ቀረጻው የሚካሄደው ሥራ ባቆመ የሥጋ ማከማቻ ውስጥ ነው። ማቀዝቀዣው ከቆመ ዓመታት ቢያልፉም የቀዝቃዛው ክፍል ወፍራም የብረት በር እንዳለ ነው። መውጫ የሌለው እንዲመስል ተብሎ የውስጡ እጀታ ተነቅሏል። ስለዚህ በሩ እንዳይዘጋ ሁልጊዜ ሥሩ ሽብልቅ ይደረግለታል።

ሐሙስ ቀን ምሳ ሲባል ሁሉም ግቢውን ተሻግረው ወደ ምግብ አዳራሹ ሄዱ። ሴትየዋ የዳቦውን እጅ የተሰነጠቀ አውራ ጣት ለመጠገን ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ቀረች። ሽማግሌውም የስኳር በሽታ መርፌያቸውን ተወግተው፣ «አብረን እንሄዳለን፣ ጨርሺ» ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የመብራት ሠራተኛው ክፍሉ ባዶ መስሎት ሽብልቁን ለሌላ ሥራ ሳብ አድርጎ ወሰደው። በሩ ቀስ ብሎ ሄደና ግጥም አለ።

መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ እሷ በሩን ደበደበች፤ ጮኸችም። ግድግዳው ብርድ እንዳያስወጣ ተብሎ የተሠራ ነውና ድምፅም አያስወጣም። ስልካቸው ደግሞ ፎቶ እንዳይወጣ ተብሎ ጠዋት ተሰብስቦ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ጣቷን በበሩ ጠርዝ ዙሪያ ስታስሄድ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት እንኳ አጣች። ለፊልሙ ተብለው ከጣሪያው የተንጠለጠሉት የፕላስቲክ ሬሳዎች እሷ በሩን በገፋች ቁጥር ትንሽ ይወዛወዛሉ።

«ተይው፣ በልተው ይመጣሉ» አሉ ሽማግሌው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ግንባራቸው በላብ ተጠመቀ። ሰዓት ስትጠይቃቸው ተቆጧት፤ ከዚያ ለምን እንደተቆጡ ጠፋባቸው። ምላሳቸው እየተሳሰረ፣ «መርፌውን ተወግቼ ካልበላሁ ስኳሬ ይወርዳል። ከረሜላዬ ኮቴ ውስጥ ነው፤ ኮቴ ውጭ ነው» አሏት።

ሁለቱም የዳቦው እጅ ያለበትን ሳህን አዩት። በክፍሉ ውስጥ የሚበላ ያ እጅ ብቻ ነበር።

«እሱን አልችልም» አሉ።

«ዳቦ እኮ ነው ጋሼ።»

«ያንቺ ነው። ጠባሳሽ አለበት።»

እውነታቸውን ነው። በአውራ ጣቷ ሥር ያለው የቢላዋ ጠባሳ በጄሶው ላይ ቀርቶ ወደ ሊጡም ተላልፏል። ሳምንታት ሙሉ እጇን ሲያላምጡ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ያንኑ እጇን ጨምራ በሁለት እጇ ሰላም ስትላቸው፣ አልውጥም ቢሉ ይገርማል?

ጀርባዋን ሰጥታቸው እጁን ገነጣጠለችው። ጣቶቹን በጣጥሳ፣ ቀዩን ቀለም በጨርቅ ጠርጋ፣ ነጩን ፍርፋሪ በመዳፏ ይዛ ቀረበቻቸው።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ። ዛሬ ጠዋት ቤቴ ነው የጋገርኩት። ልጄ የማሩን ማንኪያ እየላሰች አጠገቤ ቆማ ነበር። ትምህርት ቤት ይረፍድብኛል ብላ ስትነጫነጭ የሊጡን ጨው እንኳ ሳልቀምስ ምድጃ ውስጥ አስገባሁት።»

አፋቸውን ከፈቱ። አላመጡ፤ በልማድ ሊተፉ ፊታቸውን አዞሩ። አገጫቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ይዋጡት አባቴ።»

እንባቸው ፈሰሰ፤ ዋጡት። ሁለተኛውንም ዋጡ። አራት ጣትና የመዳፉን እኩሌታ እስኪጨርሱ አለቀቀቻቸውም።

ላባቸው ደርቆ ንግግራቸው ሲስተካከል፣ አሁን ተራው የእሷ ሆነ። እስካሁን ሥራ ይዟት ነበር፤ እጇ ባዶ ሲሆን ጊዜ ደረቷን አፈናት። አየሩ አልቋል አለች። አላለቀም ብለው ከበሩ ሥር አስቀመጧትና ከሷ ጋር አብረው መተንፈስ ጀመሩ። ከውጭ የሰው እርምጃ እንኳ አይሰማም።

በሩ የተከፈተው ከምሳ በኋላ ነው። ዳይሬክተሩ ሳህኑ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ አየና፣ «እጁ የት ሄደ?» አለ።

«በላሁት» አሉ ሽማግሌው። ሁሉም ሳቁ። እሳቸው ግን ኮታቸውን አንሥተው፣ «እጀታው ካልተመለሰ ሌላ በላተኛ ፈልግ» አሉት። ማታውኑ አናጢው እጀታውን አስገብቶ በግድግዳው ቀለም ቀባው፤ ሽማግሌውም ሥራቸውን ጨረሱ።

ሴትየዋ ወደ ሠርግ ኬኳ ተመለሰች። ቤቷ ውስጥ ግን በር መዝጋት አልሆነላትም። ልጇ መታጠቢያ ቤት ስትገባ፣ «ትንሽ ገርበብ አድርጊው» ትላታለች።

«ኧረ እማዬ፣ ልታጠብ ነው።»

«አላይሽም። ገርበብ አድርጊው ብቻ» ትልና ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ፊቷን አዙራ፣ ልጅቷ እስክትወጣ ትቆማለች።