የኦቦ ገላና ምርቃት

ጀልባዋ ቦዩ ላይ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ነጫጭ ግድግዳዎች ውሃው ውስጥ ተገልብጠው ይወዛወዛሉ። ሐዊ ወላጆቿን ከነቀምት ቻይና፣ ሱዡ ከተማ ድረስ ያስመጣቻቸው ለሽርሽር ነው የሚል ካለ ሞኝ ነው። እዚያው ተምራ እዚያው ሥራ አግኝታለች፤ የአባቴን ምርቃት ሳላገኝ የሥራውን ውል አልፈርምም ብላ ተቀምጣለች። ኦቦ ገላና ደግሞ ይዣት እመለሳለሁ ብለው አገር ቤት ጉቴ ላለው ዘመድ ሁሉ ተናግረው ነው የወጡት።

ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው ኦቦ ገላናን አላየም። ስለ ሥራው ስትጠይቃቸው ስለ ዓሣው ያወራሉ። እናቷ አዴ ሎሚ ግን ገና ከጀልባው ሳይወርዱ ልባቸው ተሰርቋል፤ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው፣ ይሄ ሁሉ ውሃ አገራችን አርጆ ቢሆን ስንት ጎመን ባበቀለ ይላሉ።

ከሰዓት አንድ ጥንታዊ የአትክልት ሥፍራ ገቡ። ከክቡ በር ኋላ ኩሬ፣ ከኩሬው ኋላ የድንጋይ ክምር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ በር፤ በየት እንደገቡ ጠፋቸው። ጭጋግ ኩሬው ላይ ተኝቷል፤ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራል። ኦቦ ገላና አንድ ጠማማ ጥድ ሥር ቆመው ማን ተከለው ብለው ጠየቁ። ሐዊም የተከሉት ሰዎች ካለፉ ብዙ መቶ ዓመት ሆነ አለቻቸው። እሳቸውም እንግዲያው ለማያውቁት ሰው ጥላ ነው የተከሉት አሉና ግንዱን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከኩሬው ዳር አንድ እፍኝ ለምለም ሣር ነጩ። አባታቸው እርጥብ ሣር ሳይዙ በባዶ እጅ መርቀው አያውቁም፤ ኦቦ ገላናም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቢሆኑም ይህችን የጥንት ወግ አልተዉም። ሣሩን ሐዊ ራስ ላይ አደረጉ።

«የኔ ልጅ፣ የረገጥሽው ይለምልም። እንጀራሽ እዚህ ከሆነ፣ እዚሁ ይባረክልሽ።»

አዴ ሎሚ አሜን አሉ። ሐዊ አለቀሰች።

ወዲያው አንድ ዘበኛ ፊሽካውን እየነፋ ደረሰ። ለካ ሣሩ በእጅ የተተከለ፣ መንካት የተከለከለ ነው። ሐዊ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል አባቷ ቀደሟት። ዩኒፎርሙን አይተው የግቢው ጌታ መስሏቸው፣ ሣሩን ከልጃቸው ራስ አንስተው በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

«ንገሪው» አሉ። «ያለችኝ ልጅ አንድ ናት። እናንተ ጋ ትቻት ልሄድ ነው፤ አደራ በይልኝ።»

ሐዊ በቻይንኛ ነገረችው። ዘበኛው ፊሽካውን ከአፉ አወረደ፤ ሣሩንም በሁለት እጁ ተቀበለ። ያን ጊዜ ኦቦ ገላና ፊታቸውን ወደ ኩሬው አዞሩ፤ አዴ ሎሚም ክንዳቸውን ያዙላቸው።