ጠረጴዛ ሥር የገባው አሽከር

ቡሬ ላይ በግጭቱ ሰበብ ኢንተርኔት ከጠፋ ወዲህ ሰው ያገኘውን ያያል። ጋሽ ደጀኔ ለቪዲዮ ቤታቸው በፍላሽ ያስመጡት ፊልም ሲኒማ መናገር በጀመረ ሰሞን የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነው። እኔ ማይክ ይዤ ከስክሪኑ ጎን ሆኜ በአማርኛ እተረጉማለሁ። መርማሪው ነጭ ነው፤ ተኩስ መሃል እንኳ እጁን ኪሱ ከትቶ ይቆማል፤ ሟቹም ገዳዩም ነጮች ናቸው። አንድ ጥቁር አሽከር አለ፤ የተሰጠው ሥራ መፍራት ብቻ ነው። በር ሲጥ ባለ ቁጥር ዓይኑን ያፈጣል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ከፊልሙ ሰዎች ሁሉ እኛን የሚመስለው እሱ ነው፤ የምንስቀውም በእሱ ነው።

«አንተ፣ አሽከሩን በደንብ አንቀጥቅጠው እንጂ!» ይሉኛል ጋሽ ደጀኔ።

«እርስዎ ካሉ ምን አደርጋለሁ» እላለሁ። ድምፄን እያርገበገብኩ አንቀጠቅጠዋለሁ፤ ከራሴም «ፈሪ ለናቱ!» እያልኩ እጨምርበታለሁ። ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው።

የሰባት ዓመት ልጄ አደይ ግን አትስቅም። «አባየ፣ እኛን የሚመስለው ለምን ፈሪ ሆነ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ፊልም ነዋ!» ብዬ ተቆጣኋት። መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፤ አመሌ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አደይ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። አሽከሩ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ሰው በሳቅ ሲንከተከት ውጭ ተኩስ ተከፈተ። መጀመሪያ ራቅ ያለ ነበር፤ ወዲያው ቀረበ። አንዱ ጥይት የጣሪያውን ቆርቆሮ በሳው። ሰው ሁሉ ወለሉ ላይ ተደፋ። ጋሽ ደጀኔ አግዳሚ ወንበር ሥር ገቡ፤ እኔም በሆዴ ተኛሁ።

ቀና ስል አደይ ቆማለች። ደረቷን ነፍታ፣ እጆቿን ኪሷ ከትታ፣ ልክ እንደ መርማሪው።

«ተኚ! አንቺ ልጅ፣ ተኚ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አልተኛም! ይስቁብኛል!» ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

በመካከላችን ሰው በሰው ላይ ተነባብሯል፤ ዘልዬ አልደርስላትም። ሌላ ጥይት የበሩን መቃን መታው። ልጄ ዓይኔ እያየ ልትሞትብኝ ነው፤ ቁጣዬ ደግሞ ምንም አልፈየደም። ማይኩ እንደበራ እጄ ላይ ነበር።

«አደይየ» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ይኸኛው ትርጉም አልነበረም። «ፈራሁ። በእናትሽ ሞት፣ በጣም ፈራሁ። ብቻዬን አልቻልኩም። በሆድሽ ተኝተሽ፣ እየተሳብሽ ነይልኝ።»

የሳቀ የለም። አደይ ትንሽ አየችኝና ተንበረከከች፤ ከዚያም ተኛች። ከየወንበሩ ሥር እጆች ተዘርግተው፣ ወለል ለወለል እየተቀባበሉ ወደ እኔ አደረሷት።

ተኩሱ ገና አላባራም። ደረቴ ሥር ገብታ፣ በትንሽ እጇ ጭንቅላቴን ሸፍና፣ በጆሮዬ «አይዞህ አባየ፣ እኔ አልስቅብህም» አለችኝ።