ከፊርማው በኋላ

«እስኪ አምስቱን ቃላት ድገምልኝ፤» አለች ሐኪሟ።

ኖኤል ዐይኑን ጨፈነ። ድልድይ፣ ማንኪያ፣ ፈረስ፣ ሎሚ፣ ወንበር። አንዱንም ሳያዛንፍ ደገመላት። ፈገግ ብላ ፈረመችለት።

ተወልዶ ያደገው ከኦስሎ ሰፈሮች በአንዱ፣ ሮመን ነው። ሞላላውን ኳስ አቅፎ ሲሮጥና ከግዙፍ ሰዎች ጋር ሲላተም ዐሥር ዓመት ሆኖታል፤ የአሜሪካን ፉትቦል ኦስሎ ውስጥ እንጀራ አይሆንም። ከሰኞ ጀምሮ ግን በጀርመን አገር ደመወዝተኛ ተጫዋች ሊሆን ነው። ከክለቡ ይህ ዕድል የገጠመው ሰው የለም። የቀረችው ይህቺ የጤና ወረቀት ነበረች።

«በቅርቡ ጭንቅላትህን ተመትተሃል?» ስትለው «የለም» ብሏታል።

ዋሽቷል። ከሦስት ሳምንት በፊት ከአንድ ተከላካይ ጋር ተላትሞ ሲነሣ የአሠልጣኙ ስም ጠፍቶበት ነበር። ለማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን ደህና ነው፤ አንዳንድ ቀን የሚያውቀው ቃል ያመልጠዋል። ታዲያ ዛሬ አምስቱንም እንዴት ያዛቸው? ድኗል ማለት ነው? ወይስ ደህናው ቀን ላይ ተገጣጥሞለት ነው? እሱም አላወቀም።

ኮሪደሩ ላይ እናቱ ብርነሽ ብድግ አለች። ከጽዳት ሥራዋ አስፈቅዳ ነው ክሊኒኩ እስካለበት ማዮርስቱን ሰፈር ድረስ አብራው የመጣችው።

«ምን አለችህ?»

«አለፍኩ፣ እማ።»

እልልታዋን በመዳፏ አፈነችው። «ገብርኤል ሰማኝ! በል ለእኅትህ ደውልላት፤ ከጠዋት ጀምሮ ስልኳን እንደያዘች ነው።»

ኖኤል ስልኩን አወጣ። የእኅቱ ፊት ወለል ብሎ ታየው፤ ሳቋ፣ ፍንጭቷ፣ በረዶ ላይ ወድቃ ያለቀሰችበት ቀን ሳይቀር። ስሟ ግን የለም። የስልኩን የስም ዝርዝር ወደ ታች ገፋው፣ መልሶ ወደ ላይ ገፋው። ሁሉም የማያውቃቸው ሰዎች ስም መሰለው።

«አንቺ ደውይላት፤» አለና ስልኩን ዘረጋላት።

ብርነሽ አልተቀበለችውም። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«ኖኤል፣ ስሟን ጥራልኝ።»

እንደገና ስልኩ ላይ አጎነበሰ።

«እጇን ይዘህ መዋዕለ ሕፃናት ታደርሳት የነበረችውን ልጅ ስም?»

ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተው። እሷም በእጁ የያዘውን የጤና ወረቀትና ፊቱን እያፈራረቀች አየች። «ደክሞህ ይሆናል፤» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ግን ራሷንም አላሳመናትም። «እንሂድ?»

ኖኤል እሺ ለማለት ፈልጎ ነበር። እግሩ ግን ወደ ሐኪሟ ክፍል ዞረ። የሚያደርገው ነገር ጀግንነት ይሁን ሞኝነት ሳይለይለት በሩን አንኳኩቶ ገባ።

ሐኪሟ ቀና አለች። «የረሳኸው ነገር አለ?»

«አዎ፤» አለ። የፈረመችለትንም ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ መልሶ አስቀመጠው።