ነፍሰ ጡር ትቅደም

ሰባተኛ ሰፈር እኔን ኤሌክትሪሺያኑን ወርቁን የማያውቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ የለም። እስከ ጎጃም በረንዳ ድረስ መብራት በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠራው የእኔ ስም ነው፤ የእግዜር ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ጎረቤቴ እትዬ ሁሪያ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ሲገዙ ሌላ ሰው ይተክልልኛል ብለው አላሰቡም።

ማሽኑ የዝሆን ግልገል ያክላል። ሁለት ተሸካሚዎች አብረውኝ ነበሩ፤ እነሱ ግን ለይስሙላ ነው የነኩት። እትዬ ሁሪያ ሲኒማ ራስ አጠገብ ላለ አልጋ ቤት አንሶላ ያጥባሉ። በጋውን ፀሐይ አለች። ክረምት ሲገባ ግን እኛ ግቢ የተሰጣ አንሶላ በመድረቅ ፈንታ ይበቅላል።

«ደግሞ ምስራ ቀኗ ደርሷል» አሉኝ። ምስራ ልጃቸው ናት፤ ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ በር ይገባል። «የሕፃን ጨርቅ በዚህ ዝናብ የት አሰጣለሁ? አደራህን ወርቁ፣ ዛሬውኑ ይሥራልኝ።»

«እትዬ፣ እኔ የተከልኩት ማሽን የልጅ ልጅዎን ይድራል!»

እንዲህ ያለው ማሽን ኃይል ይበላል። ከሌላ ዕቃ ጋር ሶኬት አይጋራም፤ ለብቻው ወፍራም ገመድ፣ ለብቻው ብሬከር፣ ማለት ኃይል ሲበዛበት ራሱ የሚወርድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይፈልጋል። የግቢያችን ቆጣሪ ያለው በር ላይ ባለው የጋሼ ጠይብ ሱቅ ውስጥ ነው። ብሬከሩን እዚያ ገጠምኩና ገመዱን በጣሪያ ስር አሳልፌ ያለ ሶኬት በቀጥታ ማሽኑ ጀርባ ላይ አሰርኩት። ለጋሼ ጠይብም «ስጨርስ እነግርዎታለሁ፣ ያን ጊዜ ያበሩታል» አልኳቸው።

የቀረኝ አርዝ ነው። አርዝ ማለት ከማሽን ያመለጠ ኤሌክትሪክ ሰው ላይ ሳይደርስ መሬት የሚገባበት ሽቦ ነው። ደንቡ መሬት ቆፍሮ ዘንግ መትከል ነው። እኛ ሰፈር ግን ዘንግ የሚተክል የለም፤ ሽቦው ከውሃ ቧንቧ ጋር ይታሰራል። ቧንቧ ብረት ነው፣ መሬት ውስጥ ገብቷል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? ሽቦውን በመስኮት አውጥቼ ግቢው መሀል ካለው ከሁላችንም ቧንቧ ጋር በብረት ማሰሪያ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። በማሽኑ በኩልም በብሎን አጠበቅኩት። እኔ ያሰርኩትን ዝሆን አይፈታውም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፣ ወዲያው ራሴ አየሁት።

ማሽኑን ወደ ግድግዳው ገፍተን እጃችንን እንዳነሣን ከፊት ያለችው ትንሽ መብራት ቦግ አለች።

«ማን አበራው?» አልኩ።

በመስኮት ጮኼ ጋሼ ጠይብን ጠራሁ። የመለሰችልኝ ጎረቤታችን ፋናዬ ናት፤ እሷ ግቢው ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ከመሆኑ በፊት ታውቃለች።

«ጁምዓ ሄደዋል! 'ወርቁ እንዳይጠብቀኝ ብዬ አብርቼለታለሁ' ብለው ሱቁን ቆልፈው ወጡ።»

ከመንካቴ በፊት መሞከር ልማዴ ነው። ኤሌክትሪክ ካለ ቀይ የምታበራዋን ቴስተር ካቻቢቴዬን አውጥቼ የማሽኑን አካል ነካሁት። ቀይ መብራቷ ደም መሰለች። ስንገፋው የኋላው ስለታም ቆርቆሮ ገመዱን ነክሶታል። ቆርቆሮው ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆኗል።

አንደኛውን ተሸካሚ በክርኔ ገፍቼ «ማንም እንዳይነካ!» አልኩ። ከዚያ ግራ ገባኝ። አርዝ አስሬያለሁ። ኤሌክትሪኩ በቧንቧው መሬት መግባትና ብሬከሩን መጣል ነበረበት። ለምን አልጣለውም?

«እትዬ፣ ያ ቧንቧ ብረት አይደለም እንዴ?»

«ከላይ የሚታየው ነው እንጂ! ከስር ያለው ዝጎ ሲያፈስ አዋጥተን በፕላስቲክ ቀየርነው እኮ። ያኔ አንተ ሻሸመኔ ነበርክ።»

ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከማሽኑ ያመለጠው ሁሉ በእኔ ሽቦ ሄዶ፣ መሬት መግቢያ አጥቶ፣ ግቢው መሀል ያለው ቧንቧ ላይ ቁጭ ብሎ እጅ ይጠብቃል።

በዚያችው ቅጽበት ከውጭ ጩኸት ተነሣ።

«ውሃ መጣ! ኧረ ውሃ መጣ!»

ውሃ በፈረቃ የሚጠጣ ሰው ይህ ጥሪ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ጀሪካን ሲንኳኳ፣ በር ሲበረገድ ሰማሁ። እኛ ግቢ ደግሞ የማይሻር ልማድ አለን፤ የቱንም ያህል ሰልፍ ቢኖር ነፍሰ ጡር ትቀድማለች።

«ምስራ ትቅደም! አሳልፏት!» ሲሉ ሰማሁ።

እትዬ ሁሪያ ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው። «ልጄን!» አሉ። ወደ በሩም ዞሩ።

የአርዙን ሽቦ በላስቲኩ ይዤ ጎተትኩት። ንቅንቅ የለም። ፒንሳዬን አወጣሁ፤ የእጀታው ላስቲክ ካለቀ ቆይቷል፣ ብረት ለብረት ነው። «ጋሼ ጠይብን ያምጡ፣ ቁልፉን!» አልኳቸውና በመስኮት ዘልዬ ወጣሁ። መስኮቱ ከራስ ዳሸን ይበልጥ እንደሆነ እንጂ አያንስም።

ግቢው በጭቃ ተበጥብጧል። የሰባተኛ ሕዝብ በሙሉ የተሰለፈ መሰለኝ። ምስራ በረጠበ ነጠላ ጫማ ጀሪካኗን አስቀምጣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች፤ ሌላውን ወደ ቧንቧው ትዘረጋለች።

«አትንኪው! ኤሌክትሪክ አለበት! ይገድልሻል!»

ዞር ብላ አየችኝ። ከሰልፉ ሳቅ ፈነዳ።

«ተነሣበት!» አለች ፋናዬ። «ትራንስፎርመር ሲፈነዳ በደረቴ መለስኩት ያልከው አንተ አይደለህ? ዛሬ ደግሞ ውሃው ኤሌክትሪክ ሆነ?»

«ፋናዬ፣ በማርያም!»

«ሰልፍ ለመቅደም ነው! ቅጂ ምስራዬ፣ አትስሚው።»

ምስራም ፈገግ ብላ «ጋሼ ወርቁ ደግሞ ሲያበዙት» አለችና እጇን መልሳ ዘረጋች። በእጇና በቧንቧው መካከል የቀረው ስንዝር አይሞላም። እኔ ከማዶ ነኝ፤ መካከላችን ሰው፣ ጭቃና ጀሪካን ነው። ዘመኔን ሁሉ ትንሹን ነገር ሳገዝፍ ኖሬ፣ ዛሬ ነገሩ ራሱ ገዝፎ ቢመጣ የሚያምነኝ ጠፋ። ያን ጊዜ አንድ ነገር በልቤ ብልጭ አለ፤ አሳንሰው!

«እሺ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ ገብቶበታል!» አልኩ። ጮክ ብዬም አልነበረም፣ እንደ ተራ ወሬ ነው የጣልኩት።

ምስራ እሳት እንደነካው ሰው እጇን ሰበሰበች። «ኡ!» ብላ ከንፈሯን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰልፉ በአንድ እግር ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ባለፈው ክረምትም ገብቶበት ነበር» አለ አንዱ። «ሆዴን ሲቆርጠኝ ሰነበተ።»

ሰዉን ጥሼ ቧንቧው ፊት ቆምኩ። ጀርባዬ እንዳይነካው ሆዴን ወደፊት ነፍቼ፣ እጆቼን እንደ በር ጠባቂ ዘረጋሁ። ውሃ ይንጠባጠባል። እያንዳንዷ ጠብታ ጀርባዬ ላይ የምታርፍ ይመስለኝ ነበር።

ፋናዬ ግን ፋናዬ ናት። «እስቲ ላሽተው» ብላ ባልዲዋን ይዛ መጣች። የብረት ባልዲ!

«ተመለሽ።»

«ዞር በል አንተ! በአፍንጫዬ ማሽተትንም ልትከለክለኝ ነው?»

በጎኔ ሾልካ ባልዲውን ወደ ቧንቧው ስትሰድ እጇን ለቀም አድርጌ ባልዲውን ነጠቅኋት፤ አሽቀንጥሬም ጣሪያ ላይ ወረወርኩት። ቆርቆሮው እንደ መድፍ ጮኸ። እሷም ከቆርቆሮው አላነሰችም። ከአባቴ ጀምራ ገና እስካልወለድኳቸው ልጆቼ ድረስ ሰደበችኝ። ትስደበኝ፤ የሚሳደብ ሰው በሕይወት አለ።

በመጨረሻ እትዬ ሁሪያ ጋሼ ጠይብን በክንዳቸው እየጎተቱ በር ገቡ።

«ምን አቃጠላችሁ?» አሉ ጋሼ ጠይብ ተቆጥተው። «ሶላቴን እንኳ በቅጡ አልጨረስኩ!»

ቴስተሬን ቧንቧው ላይ አስደገፍኩና እሳቸው ብቻ እንዲያዩ ሰውነቴን ዞር አደረግሁ፤ ፋናዬ ብታየው «እስቲ ልንካው» ማለቷ አይቀርም። ቀይ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ከፊታቸው ደም ጠፋ። ቁልፉን ይዘው ወደ ሱቁ በረሩ፤ እኚያን ሽማግሌ ሲሮጡ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እኔ ቴስተሩን አላነሣሁም። ቀይዋ መብራት ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ድርግም አለች።

ቧንቧውን በእጄ ያዝኩት። ቀዝቃዛ ብረት ብቻ ነበር። ከፈትኩት፤ ውሃው ኩልል ብሎ ወረደ።

ፋናዬ አጎንብሳ አሸተተች። «ንጹሕ ነው! አላልኳችሁም? አታላይ!»

እውነቱን ነገርኳቸው። እትዬ ሁሪያ መሰከሩልኝ፤ «ለማሽንዎ ብለው ነው» ተባሉ። ጋሼ ጠይብ ማሉልኝ፤ «ጋሼ፣ ጉቦ ሰጥቶዎት ነው» ተባሉ። ምስራ ግን የታሰረውን ሽቦ አየች፣ እጇን አየች፣ ሆዷን ያዘች። ከዚያ እንደ ልማዱ ቀድማ ቀዳች።

ማሽኑን በማግስቱ እንደ አዲስ ተከልኩት። የተነከሰውን ገመድ ጥዬ ሌላ ዘረጋሁ፤ ከግድግዳውም አራቅሁት። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱ የሚጠፋ ብሬከር ገጠምኩ። የመዳብ ዘንግም መሬት ውስጥ ቀበርኩ፤ ጥልቀቱን ብነግራችሁ አታምኑኝም፣ ይቅር። አሁን የምስራ ልጅ ጨርቅ እዚያ ውስጥ ይዞራል፣ ትኩስ ሆኖ ይወጣል።

እኔ ደግሞ ውሃ መጣ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ ደርሼ ቧንቧውን በቴስተሬ እነካለሁ።

«ሰልፍ ያዝ ወርቁ!» ትላለች ፋናዬ ሁልጊዜ፣ በዚያ በተጣመመ ባልዲዋ ወገቤን እየገፋች።

ምስራ ግን ልጇን አዝላ ከፊት ብትሆንም፣ እኔ ነክቼ ራሴን እስክነቀንቅላት ድረስ እጇን አትዘረጋም።