ርሆቦት የገባችበት ዜማ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምሮበት እንደሆነ ከአዲሱ ገበያ የሚነሳው ታክሲ ሁሉ አራቱም ጎማው በአንድ ጊዜ ይፈንዳ፤ የሚጠግንለትም ሰው ይጥፋ። ከዚህ የከበደ መሐላ ጉለሌ ውስጥ አልተሰማም፤ ታሪኩ የጎሚስታው የበዳሳ ነውና።

በዳሳ አዲሱ ገበያ ላይ ጎማ ሲጠግን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሌላው ሰው ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ ሲፈልግ፣ እሱ ጆሮውን ብቻ አስጠግቶ «እዚህ ጋ ነው» ይላል። በዚያው ጆሮ ቀጨኔ ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው እሁድ እሁድ ኪቦርድ ይጫወታል። ኖታ የሚባል ነገር አያውቅም። «ኖታ መንገድ ለጠፋው ሰው ነው» ይላል፤ «እኔ በገዛ ሰፈሬ ካርታ ይዤ ልዙር?»

ልጁ ርሆቦት ልታገባ ስድስት ወር ሲቀራት ታዲያ አፉ አመለጠው። ቃል የሌለው፣ ምድር ላይ ተሰምቶ የማያውቅ ዜማ እየደረሰላት እንደሆነ፣ ወደ አዳራሹም የምትገባው በእሱ እንደሆነ ጎማ ለሚያስነፋው ሁሉ ነገረ። በሳምንቱ ወሬው ሽሮ ሜዳ ደርሶ ሸማኔው ሁሉ መወርወሪያውን አስቀምጦ ጆሮውን አቀና።

ክፋቱ፣ ልጅቷም አመነችው። የመዘምራኑን መሪ ትሕትናን «ለመግቢያዬ መዝሙር አታዘጋጁ፤ እኔ በአባቴ ጣት ነው የምገባው» አለቻት።

ትሕትና ጎሚስታው ድረስ መጣች። «ጋሽ በዳሳ፣ እስቲ ትንሽ ያሰሙን።»

«ሙሽራ ከሠርጓ ቀን በፊት ትታያለች እንዴ?»

«እሱስ ልክ ነዎት። ግን ጨርሰዋል አይደል?»

«ጨርሼ! ተርፎኝ እየቀነስኩ ነው እንጂ!»

እውነቱን ለመናገር አንዲት መስመር አልነበረችውም። ከሥራ ሲመለስ ኪቦርዱን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይታገላል፤ ሚስቱ ባዩሽ ማዕድ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች።

«አገኘሁት!» ይላል።

«የርሆቦት አባት፣ ይሄማ ባለፈው እሁድ የዘመርነው ነው።»

«እሺ ይሄኛውስ?»

«ስልክ ላይ ‹እባክዎ ይጠብቁ› ብለው የሚያሰሙን።»

«ይቺ ግን የራሴ ናት! የማንም አይደለችም!»

ባዩሽ ቢላዋዋን አቁማ አዳመጠች። «አዎ፣ የራስህ ናት። ግን አታምርም።»

ስድስት ወር እንዲህ አለቀ። በዳሳን እንቅልፍ የነሳው የሰው ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ሲስቅበት የኖረ ሰው ነው። ልጁ በእሱ አምና መዘምራኑን አሰናብታ፣ በሩ ተከፍቶ፣ በባዶ ጸጥታ ስትገባ ይታየዋል።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። አዳራሹ አራት መቶ ሰው ይይዛል ይላሉ፤ በዚያ ቅዳሜ ግን ቢያንስ አምስት ሺህ ሰው ነበረበት። ሳውንዱን የያዘው ኦልያድ ከወዲያ ጥግ አውራ ጣቱን አነሳለት። በሩ ተከፈተ። በዳሳ ለክፉ ቀን ብሎ የጫነውን ሪትም ተጫነ። ኪቦርዱ ወያላ የሚያዋክበው ይመስል ድብድቡን አወረደው። ደንግጦ አጠፋው። ከዚህ በኋላ አሥር ጣትና ልጁ ብቻ ቀሩት።

እግሯን አየ። የሠርግ አካሄድ አስጠንተዋት ነበር፤ እሷ ግን የምትራመደው በልጅነቷ የቀጨኔን ቁልቁለት ስትወርድ እንደምትራመደው ነው፤ ወደ ኋላ ደገፍ ብላ፣ መሬቱን ትንሽ እየተጠራጠረች። በዳሳ አንድ ቁልፍ ነካ። እግሯ ወረደ። ሌላ ነካ። ዜማው ራሱ ወደ ኋላ ደገፍ አለ፤ ከምቱ ትንሽ እየዘገየ፣ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቀ፣ ቁልቁል መጣ። የእሁድ መዝሙር አይደለም፣ የስልክም አይደለም። ጣቱ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም፤ ሲደርስ ግን «እዚህ ጋ ነው» ይላል፣ ልክ እንደ ከመነዳሪው።

ምንጣፉ መሃል ላይ የጫማዋ ታኮ ተያዘና ቆመች። ሌላ ሰው ቢሆን ይደናገጥ ነበር። በዳሳ አንዲቷን ድምፅ በጣቱ ይዞ ጠበቃት። ያቺ ድምፅ ሩብ ሰዓት ቆየች። ስትራመድ አብሯት ተራመደ፤ እፊቱ ስትደርስ ጣቱን አነሳ።

አምስቱም ሺህ ሰው አለቀሰ። ፓስተሩ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን ጠረገ። አዲሱ ገበያ ድረስ ጡሩምባ የነፋ ታክሲ አልነበረም፤ የእንጦጦ ባሕር ዛፍም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። በዳሳ ከሆዱ የስድስት ወር አየር ፉስስ ብሎ ሲወጣለት ተሰማው። ምሳ ላይ ሁለት ሰሃን ጥብስ በላ።

ይህንኑ ለሙሽራው አጎቶች ሰባተኛ ጊዜ ሲተርክላቸው ርሆቦት ቬሏን ሰብስባ አጠገቡ ተቀመጠች። አጎቶቹ ምግብ ሊጨምሩ እስኪነሱ ጠበቀች።

«አባ፣» አለችው በቀስታ፣ «አዳራሹ እኮ ምንም አልሰማም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ኦልያድ ትልልቆቹን ስፒከሮች ሳይከፍታቸው ረስቶ ነው። ሰዉ የሰማው የጫማዬን ድምፅ ነው። ያለቀሱትም እማዬና አክስቴ ብቻ ናቸው፤ ፓስተሩ ላብ አስቸግሮት ነው።»

በዳሳ አንገቱን አዙሮ ኦልያድን በዓይኑ ፈለገ።

«ታኮዬም አልተያዘም። ጣትህ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ጆሮዬ ግን ባዶ ነው። ‹ለካ ምንም የለውም፤ እንዳላፍር ብሎ እያስመሰለ ነው› ብዬ ነው የቆምኩት።» ጎንበስ ብላ እጁን ያዘችው። «ከዚያ ትንሽ ስጠጋ እግርህ ሥር ካለችው ትንሿ ስፒከር ሰማሁህ። የእውነት ነበረህ፣ አባ። እፎይ ብዬ ገባሁ።»