ለማርስ የተፈተነ ሙጫ

ቫይዴሂ ልትፈርም ጎንበስ ስትል አቶ ናንጁንዳያ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሆነ እኮ። ራሁ ገባ።»

በሂንዱዎች ኮከብ ቆጠራ ማክሰኞ ከዘጠኝ እስከ አሥር ተኩል የራሁ፣ የገደ ቢሱ ጥላ ኮከብ፣ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት የተጀመረ ነገር አይሰምርም። የቬነስ ተልዕኮ ኃላፊው አቶ ናንጁንዳያ ሠላሳ ዓመት ሮኬት ሲያመጥቁ የኖሩ የሒሳብ ሰው ናቸው፤ በራሁ ሰዓት ግን እንኳን ሊያስፈርሙ አዲስ ጫማም አያደርጉም። ቫይዴሂ በሆዷ ሳቀችባቸው። የሕንዷ ቤንጋሉሩ መሐንዲስ ከሰማይ ጋር የሚታረቅበት መንገድ ሁለት ነው፣ ሒሳብና ኮከብ ቆጠራ፤ አንዱ ቢከዳው ሌላው አለለት።

የቀረው ይህ ፊርማ ብቻ ነበር። ከባልደረቦቿ ጋር ስምንት ዓመት የደከመችበት፣ የቬነስን ደመና የሚመረምረው መሣሪያ፣ ዛሬ ከተፈረመለት መንኮራኩሩ ላይ ይጫናል። ካልተፈረመለት ቦታው ለተጠባባቂው ለአህመዳባድ ከተማ ቡድን ነው። ቬነስ ለጉዞ የምትመቸው በአሥራ ዘጠኝ ወር አንዴ ሲሆን፣ የቫይዴሂ ጡረታ ግን ከዚያ ይቀድማል።

ሥራ መፍታት አትወድምና አሬራዋን ፉት እያለች መዝገቡን ማገላበጥ ጀመረች። የመሣሪያውን ሽፋን የሚይዘው ሙጫ የተመዘገበበት ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። «ከዚህ በፊት በርሯል፤ ፈተና አያስፈልገውም» ይላል፤ ከሥሩ የራሷ ፊርማ አለ። መሥሪያ ቤቱ ቁጠባ ያውቃል፤ አንዴ የሠራን ነገር ትቶ ሌላ መፈለግ ነውር ነው። ሙጫውም እውነት በርሯል። የበረረው ግን ወደ ማርስ፣ ፀሐይ ወደምትደክምበት ነው። ቬነስ ጋ ፀሐይ ከማርሱ ከአራት እጥፍ በላይ ትበረታለች። በእርሳስ አሰላች፣ ደግማ አሰላች። ሽፋኑ መቶ አሥር ዲግሪ ይደርሳል፤ ሙጫው የተፈተነው እስከ ሰባ ነው። አፈረች። የኮሌጅ ተማሪ የማይስተውን እሷ ስታለች።

አሥር ተኩል ሲሆን አቶ ናንጁንዳያ ፈገግ ብለው ተመለሱ።

«በይ እንግዲህ፣ ራሁም ሄደልሽ።»

ገጹን አሳየቻቸው። ቆመው ጀምረው ተቀምጠው ጨረሱት።

«ሊይዝ ይችላል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይችላል። ቢላቀቅ ግን የሚለጠፈው አጠገባችን ያለው የሌላ ቡድን ካሜራ ላይ ነው። የእኔ ብቻ የሚበላሽ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ እውነቴን ነው።»

«ሽፋኑን አላቆ በሌላ ሙጫ ለጥፎ እንደገና ማስፈተን አምስት ወር ይፈጃል። የመጫኛው ቀን ሦስት ወር ነው የቀረው።»

«አውቃለሁ።»

ማንም አላየውም ሊሏት እንደፈለጉ ከዓይናቸው ገባት፤ ደግ ሰው ናቸውና አላሉትም። ቫይዴሂ «በርሯል» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ «አልተፈተነም» ብላ ጻፈችና እርማቱ ሥር ፈረመች። ስምንት ዓመት በአንድ ቃል ሄደ። ሌላ ሰው ከሚያወራው ብላ ለአህመዳባዱ ቡድን መሪ ለሄታል ራሷ ደወለች።

«ቦታው የእናንተ ሆኗል» አለቻት፤ ምክንያቱንም ሳትደብቅ ነገረቻት።

ሄታል ጠየቀች፦ «ማዳም፣ እርስዎስ?»

«እኔን ተዪኝ። ሽፋናችሁን በምን ለጠፋችሁት?»

«ገና ነን። ነገ ልንለጥፍ ነበር... ሙጫውን ከእርስዎ መዝገብ ነው የወሰድነው።»

ቫይዴሂ ቦርሳዋን አነሳች።

«ሳልመጣ እንዳትለጥፉ። ጠዋት እደርሳለሁ።»