ግድግዳ የሚሻገር ፉጨት

የሰፈሩ ሰው «ማስረጃ» ይለዋል። ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ክርክሩ ግን ጡረታ አልወጣም። ዳቦ ሻጯ ትኩስ ነው ብትለው ዳብሶ ሳያይ አያምናትም። ሚስት የለውም፤ ያገባው ሬዲዮኑን ነው እያሉ ያሙታል። ሐሜቱም ከእውነት የራቀ አይደለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩን ዘግቶ፣ ቀን ቀን የማይሰሙትን፣ ሲመሽ ግን ባሕር ተሻግረው የሚመጡትን የሩቅ አገር ጣቢያዎች ያድናል።

ይኸው አባዜ የያዛቸው ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ይሰበሰባሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ጣቢያው ስሙን ሲጠራ በጆሮህ ካልሰማህ፣ አልሰማህም። ዘፈኑን ሰማሁ፣ ቋንቋውን ለየሁ ማለት አያድንም።

ከማስረጃ ክፍል ቀጥሎ፣ ከሳንቃው ግድግዳ ወዲያ የሚኖረው ልብስ ሰፊም ከእነሱው አንዱ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ማንም ይዞት የማያውቀውን የአንዲት ሩቅ ደሴት ጣቢያ ያዝኩ አለ። ስሙን ሲጠራ ሰማህ ወይ ተባለ። ሊጠራ ሲል ፉጨት እየመጣ ይውጠዋል ብሎ መለሰ።

«ወንድሜ፣ ምስክርህ ፉጨት ነው?» አለው ማስረጃ።

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ልብስ ሰፊው ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ዳግመኛ አልመጣም፤ ዓመቱም ሳይዞር ሞተ።

ሰውን ውሸታም ማለት ምራቅ እንደ መትፋት ቀላል ነው። ተሰዳቢው ሲሞት ስድቡ አብሮ የሚቀበር የሚመስለው ካለ ግን ሞኝ ነው። ውርስ ይሆንና ለሚስት ይተርፋል።

ሚስቲቱ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የማስረጃን በር አንኳኳች። ተቀመጪ ቢላት እንቢ አለች። ባሏ በሕይወት ሳለ ሬዲዮኑ አጠገብ ድርሽ ብላ አታውቅም፤ በሱቁ የደረሰበትንም የሰማችው ከቀብሩ በኋላ፣ ከሰው አፍ ነው። አሁን ግን የሬዲዮኑን መርፌ እሱ ከተወበት ሳትነካ በየምሽቱ ትከፍተዋለች፤ ጣቢያው ይመጣል፤ ቋንቋውን ግን አታውቅም። መጥቶ እንዲሰማና ቅዳሜ በሰዎቹ ፊት እንዲናገር ለመነችው።

«ባሌ ብዙ ጥፋት ነበረበት፣ ጋሼ፤ ውሸት ግን አልነበረበትም» አለችው። «ውሸት ቢችልማ ደንበኛ ይበዛለት ነበር። ልብስ ሰፊ ሆኖ ‹ለማክሰኞ ይደርሳል› ማለት እንኳ አይሆንለትም።»

ማስረጃ እሺ አለ። ሊያፈርስ የሚፈልገውን ማስረጃ ማየት መብቱ ነበር። አመሻሹ ላይ እንደ ልማዱ ሬዲዮኑን በሚወደው ጣቢያ ላይ ከፍቶ፣ እንደተከፈተ ትቶት ወደ ሴትዮዋ ክፍል ሄደ።

የልብስ መስፊያው መኪና በነጠላ ተሸፍኗል። ልብስ መለኪያው የእንጨት ሰው ላይ አንድ እጅጌ ብቻ የተሰፋለት ኮት ተሰቅሏል፤ ሌላው ትከሻ ላይ የጠመኔ ምልክት አለ። ሁለቱ ሬዲዮኑ ፊት ተቀመጡ። መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ከሩቅ ዘፈን ብቅ አለ። ማስረጃ ጆሮውን አስጠጋ። ከዘፈኑ ጋር ቀጭን ፉጨት መጣ፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ይንቀጠቀጣል።

«መጣ» አለች። ፊቷ በራ።

ስለ ጣቢያው የምታወራ መስሎት ነበር።

«እሱ ነው፣ ጋሼ። ሲሰፋ እንዲህ ነበር የሚያፏጨው። ከተቀበረ ወዲህ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።»

ማስረጃ ወደ ሳንቃው ግድግዳ ዞረ። ነገሩ ገባው። ሬዲዮ ሲቀበል እሱም በተራው ከሆዱ ትንሽ ሞገድ ያሾልካል፤ ያ ሞገድ የቅርብ ጎረቤት ሬዲዮ ውስጥ ገብቶ ጎረቤቱ ከያዘው ሌላ ጣቢያ ጋር ሲጋጭ ያፏጫል። ይህን ጀማሪ ጣቢያ አዳኝ ሁሉ ያውቃል። ማስረጃም ስለ ሰው ሬዲዮ ሲሆን ያውቃል። የራሱ ሬዲዮ ከሳንቃው ማዶ በየምሽቱ በዚያው በሚወደው ጣቢያ ላይ እንደሚያመሽ ግን አንድም ቀን አላሰበውም። ከሳሽ መቼ ራሱን ይጠረጥራል? ያ የሳቀበት ፉጨት እሱው ራሱ ነበር።

አሁን መጣሁ ብሏት ወጣ፤ እየሮጠ ክፍሉ ገብቶ የራሱን ሬዲዮ አጠፋ፤ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ከወዲያ ዘፈኑ አለቀ፤ ተናጋሪው ጉሮሮውን ጠርጎ የደሴቲቱን ጣቢያ ስም ጥርት አድርጎ ጠራ። ማስረጃ ተመልሶ ሲገባ በደስታም በኀፍረትም ያለከልክ ነበር። ስሙን እንደሰማ፣ ልብስ ሰፊው እውነቱን እንደነበር፣ ቅዳሜ በሁሉም ፊት ቆሞ እንደሚመሰክር ነገራት።

እየሰማችው አልነበረም። መዳፏን ሬዲዮኑ ላይ አሳርፋለች፤ የታመመ ልጅ ግንባር የምትነካ ትመስላለች።

«ሄደ» አለች። ቀና ብላ አየችው። «ምን አደረጉት፣ ጋሼ?»

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ዕቃ ነው፣ ሽቦ ነው፣ እኔ ነኝ። በዕድሜው እንዲህ ያለ የማይነቃነቅ ማስረጃ ይዞ አያውቅም። የኮቱን ባዶ ትከሻና የጠመኔውን ምልክት አየ።

«ምንም አላደረግኩትም» አለ። «ይመለስ ይሆናል።»

ክፍሉ ገባና ሬዲዮኑን በዚያው በሚወደው ጣቢያ ላይ ከፈተ። ድምፁን ጨርሶ ዝቅ አደረገው፤ ለባለቤቱ ዝም ያለ ሬዲዮ ለጎረቤት ማፏጨቱን አይተውም። ወዲያው ከሳንቃው ማዶ ቀጭኑ ፉጨት ተሰማ። ቀጥሎም የሴትዮዋ ድምፅ መጣ፤ ያመሸ ባሏን እንደምትቆጣ ሚስት፣ በዝግታ፦

«የት ነበርክ?»

ማስረጃ ጨለማው ውስጥ ሊመልስላት አፉን ከፈተ።